ዚንኩን ሦስት እጅ ቀባሁት

ጥቅምት 6

ልጄ፣ አለቃዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ጉልበቴን ከመቆርጠሙ በቀር ደህና ነኝ። ቁርጥማቱም የቆየ ነው፣ አዲስ ወሬ አይባልም። ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። የፖስታ ጀልባው እንደ ልማዱ አሥር ቀን ይዞት ዞሮ ጠርዙን አርሶታል፣ ቢሆንም ይነበባል።

ስልክ ለምን አትደውልም ብለሽ ዳግመኛ እንዳትጽፊ። ይሄ ጆሮ አርባ ዓመት መዶሻ ሲወርድበት የኖረ ነው፣ ስልክ ለእኔ ንብ የገባበት ጣሳ ማለት ነው። ሌላ ሰው ይዞልኝ «እንዲህ አለችህ» እንዲለኝ ደግሞ አልፈልግም። የአባትና የልጅ ነገር በአስተርጓሚ አይሆንም። ፊደሌ ቢንጋደድም የራሴ ነው፣ አንቺም አንብበሽዋል።

የጀልባችንን የአሮጊቷን ሆድ ማን ቀባው፣ ከመሪው በስተኋላስ ማን ገባ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? እኔ ነኛ! ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ እኔ ብቻዬን፣ አራት ቀን ሙሉ በጀርባዬ ተኝቼ። ከመሪው ወዲያ ያለው የእናትሽ እንደነበር አልረሳሁም። «ከዚህ ወዲያ ብሩሽህን እንዳላይ» ትለኝ ነበር፣ እኔም ለቤት ሰላም ስል አልደርስባትም። ከፕሮፔለሩ አጠገብ በቡሎን የታሰሩትን አራቱን የዚንክ ቁራጮች በአሮጌ ጨርቅና በፕላስተር ትጠቀልላቸዋለች። እኔ ቀብቼ ስጨርስ ትፈታቸውና በሽቦ ብሩሽ ትፈትጋቸዋለች፣ ከዚያ ራቁታቸውን ወደ ባሕር። ቀለም ቆጣቢ እላት ነበር። ነፍሷን ይማረው፣ ለምን ብዬ ብጠይቅ «አይገባህም» ትለኛለች፣ እኔም አይገባህም ያለኝን ሰው ሁለተኛ አልጠይቅም።

ዘንድሮ እሷ የለችም፣ እኔ ደግሞ ግማሽ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ዚንኩን ሦስት እጅ ቀባሁት። አሮጊቷ ብረት ብትሆንም፣ የእንጨት ጀልባ ቀብቶ ያደገ ሰው ያውቃል፣ ያልተቀባች ስንጥቅ ለትል በር ናት።

በየደሴቱ አሥራ ሁለት ሰው ጭነሽ ስትመላለሺ ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፤ ግን ከሥርሽ ያለው ቀለም የእኔ ነው እልና እጽናናለሁ። ጠላቂ የወረደ ቀን ዚንኩን አይቶ ምን እንደሚመስል ይንገርሽና ጻፊልኝ። ጀልባ መጠገኛው ግቢ ውስጥ ለእነዚያ ተጠራጣሪ ሠራተኞች የማነብላቸው ነገር እፈልጋለሁ።

አባትሽ


ጥቅምት 24

አባዬ፣

ስለዘገየሁብህ ይቅርታ። ሰው መብዛቱ ነው። ነርሷ በሳምንት ሁለቴ መድኃኒቷን ይዛ ትሻገራለች፣ አስተማሪዎቹ አሉ፣ ነጋዴዎቹ አሉ፣ ከእነሱ ጋር ደግሞ ዕቃቸው። ሞተረኛዬ «ያ ቁጡ አባትሽ እንዴት ነው?» ይልሃል። ሰላምታ መሆኑ ነው።

ባለፈው ሳምንት ፕሮፔለሩ ላይ ገመድ ተጠምጥሞብን ጠላቂ አወረድን። ስለ ዚንኩ ጠየቅኩልህ። አንድም አልተበላም፣ ቀለሙ እንዳለ ነው፣ ያበራል ብሏል። ለሰዎቹ ይህን ልታነብላቸው ትችላለህ።

ሦስተኛው ደሴት መግቢያ ላይ ውኃው ጎድሎ ጭራዋ ድንጋይ ነካ አድርጎ ነበር። በፕሮፔለሩ ዙሪያ ቀለሙ ትንሽ ተፋቀ እንጂ ሌላ ነገር የለም። የጻፍኩልህ ከሌላ ሰው ሰምተህ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው።

የጉልበትህን ቅባት እያሸህ ነው? እውነቱን ንገረኝ። ስለ ዚንኩ ደግሞ አንድ ልልህ የፈለግኩት ነገር ነበረኝ፣ ግን ይቅር። ስንገናኝ።

ልጅህ


ኅዳር 5
(ያልተላከ)

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ይዤ ጠዋት ወደ ግቢው ሄድኩ። ዕረፍት ላይ ነበሩ፣ ሁሉም ሰብሰብ ብለዋል። በርሜል ላይ ቁጭ ብዬ «አንድም አልተበላም፣ ያበራል» የምትለዋን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አንዱ አጨበጨበ። የሚያሾፍ መሰለኝና ገላመጥኩት።

የግቢው በያጅ ከአንድ ጀልባ ሥር ወጣ፣ የብየዳ ጭምብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

«ጋሼ፣ እስቲ ያቺን ነገር ይድገሟት።»

ደገምኩለት።

«ምንም? ጫፉ እንኳ?»

«ምንም! እንደ ሙሽራ ጥርስ ነው አልኩህ!»

ሳቅ ጠብቄ ነበር፣ ግን አልሳቀም። አጠገቤ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለእኔ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ምን ይሉታል? «ጮክ በል!» አልኩት። ጮክ አለ፣ ሁሉም ሰሙ።

«ያልተበላ ዚንክ ሥራ ፈት ዚንክ ነው ጋሼ። የነሐስ ፕሮፔለርና የብረት ሆድ ጨው ውኃ ውስጥ ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ ብረቱ ነው የሚያልቀው። ዚንኩን መሃል የምናስገባው ባሕሩ መጀመሪያ እሱን እንዲበላ ነው። እሱ እየተበላ ብረቱ ይተርፋል፣ ሲያልቅ ሌላ እንቀይራለን። ቀለም ከነካው ግን አለቀ፣ ባሕሩ አያገኘውማ! ፊቱን ወደ ብረቱ ያዞራል፣ በተለይ ቀለም የተፋቀበት ቦታ ካገኘ እዚያው ላይ ነው የሚረባረበው።» ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «መቼም የቀባው ሰው የለም?»

«ማን ዕብድ ነው ዚንክ የሚቀባ!» አልኩት።

ልጄ፣ እንዲህ ነው ያልኩት። በዚህ አፌ፣ በሰው ሁሉ ፊት።

ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። እናትሽ ያን ጨርቅ ስትጠቀልል እጇ ይታየኛል። ሠላሳ ዓመት ቀለም ቆጣቢ ስላት ኖርኩ። ለካ አንቺንም እኔንም ታተርፍ የነበረችው እሷ ናት። አንቺ ደግሞ የተፋቀ ቦታ አለ ብለሻል፣ የተፋቀውም እዚያው ፕሮፔለሩ ዙሪያ ነው።

ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ አጠፍኩት፣ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ያ ሞተረኛ ከትከሻሽ ኋላ ቆሞ ሲያነበው ታየኝና እጄ ፖስታው ውስጥ ሊከተው እምቢ አለ። ነገ ሌላ እጽፋለሁ።


ኅዳር 6

ልጄ፣

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ቅባቱንም እያሸሁ ነው (ትናንት አሽቻለሁ)።

ነገሬ አጭር ነው። ሕልም አይቻለሁ። አሮጊቷ ደረቅ መሬት ላይ ቆማ አየሁ። እንዲህ ያለ ሕልም ጀልባ ከውኃ ይውጣ ማለት ነው ይላሉ የሚያውቁ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ወደ መሬት አስወጫትና ጭራዋን በደንብ እዪ። የተፋቀውን ቦታ በመዶሻ እየመታችሁ ሞክሩት። ዚንኩንም በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት፣ እናትሽ እንደምታደርገው እስኪነጣ ድረስ።

ለምን አትበይኝ፣ አባት ነኝ።

በያጁ ሰላም ብሎሻል። ሌላ ወሬ የለም።

አባትሽ


ኅዳር 27

ልጄ፣

የሳቅሽበት ደብዳቤ ዛሬ ረፋድ ላይ ደረሰኝ። «ከመቼ ወዲህ ነው አንተ ሕልም የምታምነው?» ትዪኛለሽ። እውነትሽን ነው፣ እኔ ሕልምም አላይ፣ ባይም አላምን።

ግን መጨረሻው ላይ የጻፍሻትን አነበብኩ። «ከሆዷ ውኃ የሚያወጣው ፓምፕ ድሮ በቀን አንዴ ነበር፣ አሁን ሦስቴ እናስነሳዋለን፣ የብረት ላብ ነው ይላል ሞተረኛው፣ አታስብ» ያልሻትን። ልጄ፣ ብረት ያልበዋል፣ ሦስት ጊዜ ግን አያልበውም። ለዚያ ሰውዬ እንደዚህ ብለሽ ንገሪው፣ ላብ ጨው ጨው ካለው ቀምሶ ይመልስልሽ። ያ ባሕር ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰማችሁም?

ደግሞ በኅዳር 30 ሰፊውን ባሕር አቋርጣለሁ፣ ስድስት ሰዓት ነው፣ አሥራ አራት ሰው ይዣለሁ፣ ሁለቱ ነፍሰ ጡሮች ናቸው፣ ሐኪም ቤት ሊገቡ፣ ስለዚህ ጀልባዋን አሁን ማስወጣት አልችልም ብለሻል። «በቂ ምክንያት ካለህ ንገረኝ» አልሽ።

አለኝ።

ሕልም አይደለም። እኔ ነኝ። ዚንኩን በመቀባቴ ዚንኩ ሞቷል፣ አይሠራም። እናትሽ ራቁቱን የምትተወው ለዚህ ነበር። ባሕሩ አሁን የሚበላው የአሮጊቷን ሆድ ነው፣ ያውም ቀለሙ በተፋቀበት በኩል። ይህን ካወቅሁ ሃያ ሁለት ቀኔ ነው። ሃያ ሁለት ቀን አውቄ ሕልም አየሁ አልኩሽ። ጠዋት ጠዋት ወደ ባሕሩ ወርጄ ነፋሱን አያለሁ፣ ከየት እንደመጣ፣ አንቺ ጋ ደርሶ እንደሆነ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እኔ የደበቅሁት የራሴን አይደለም፣ የአንቺን ነው።

ቆይ።

ጽፌ ጽፌ አሁን ነው ያሰብኩት። ዛሬ 27 ነው። ይህ ወረቀት አንቺ ጋ የሚደርሰው ታኅሣሥ 7 ነው። በጣቴ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። አንቺ የምትነሺው የዛሬ ሦስት ቀን ነው።

ይህ ደብዳቤ አይደርስም። ወደ ግቢው ልሄድ ነው። በያጁ ስልክ አለው፣ የወደባችሁ ጽሕፈት ቤት ቁጥር ደግሞ ፖስታሽ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ኮቴን አልለብስም


ታኅሣሥ 4

አባዬ፣

አሮጊቷ ከውኃ ወጥታለች፣ ሰው ሁሉ ደህና ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት ሌላውን ሳትጨነቅ እንድታነበው ብዬ ነው።

ያን ቀን የወደቡ ጸሐፊ እየሮጠ መጥቶ ጠራኝ። ስገባ ስልኩን ከጆሮው አንድ ክንድ አርቆ ይዞታል። አንተ ክፍሉ ውስጥ የቆምክ ነበር የምትመስለው። «ዚንኩን ቀባሁት! እኔ ነኝ! ሦስት እጅ! አስወጫት!» ወረፋ የያዙት ሰዎች ሁሉ ሰሙህ። «ሰማሁ አባዬ፣ ሰማሁ» እላለሁ፣ አንተ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። አንዲት ሴትዮ «ይሄ ሰውዬ የቀባው ምን ቢሆን ነው እንዲህ የሚያስለቅሰው?» አለች። ታለቅስ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጉዞውን ሰረዝኩ። ተሳፋሪዎቹ ሰደቡኝ፣ በማግስቱ በሌላ ጀልባ ተሻገሩ። ከነፍሰ ጡሮቹ አንዷ ትናንት ወንድ ልጅ ወልዳለች፣ ሐኪም ቤት ውስጥ።

ትናንት ጭራዋን በመዶሻ መታናት። ሁለት ጊዜ ደህና አስተጋባ። በሦስተኛው ድምፅ አልነበረም፣ መዶሻው ገባ። የመዳፌን ያህል ቦታ እንደ ደረቀ ቅጠል ሆኖ ነበር፣ ቀለም ብቻ ነበር ያያዘው። ሞተረኛው ጣቱን በቀዳዳው አስገብቶ አየና ቁጭ አለ። ስለ ላብ ከዚያ ወዲህ አላነሳም።

አሁን የእኔን ስማ። በመስከረም ጀልባዋን ልወስድ የመጣሁ ዕለት አይቼዋለሁ። የተቀባ ዚንክ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ እማዬ አስተምራኛለች። አንተ ያንን ጉልበትህን ይዘህ ከጎኗ ቆመህ ነበር፣ ብሩሹን እንደ በትር ይዘህ፣ የምለውን ትጠብቃለህ። «ጎበዝ አባዬ» አልኩህ። ደሴቱ ስደርስ እፍቀዋለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት አልኩ። ከዚያ ማን ቀባው ብዬ በደብዳቤ ነካ አደረግኩህ፣ ራስህ ትደርስበታለህ ብዬ። አንተ ኮራህ፣ እኔ ዝም አልኩ። ጠላቂው አልተበላም ሲለኝ ራሱ ገብቶኝ ነበር፣ ግን ሥራው በዛ፣ ቀኑም አለፈ።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ፈራሁህ።

ያን ሁሉ ሰው የጫንኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱን ብቻህን እንዳትወስደው። አዲሱ ብረት ሲበየድ መጥተህ ታያለህ ወይ?

ልጅህ


ታኅሣሥ 17

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ቀን ሆነው። ወዲያው ያልጻፍኩት ተናድጄ ስለነበር ነው። መጀመሪያ ዕለት በአንቺ ተናደድኩ። አውቀሽ! ካፒቴን ሆነሽ! አሥራ አራት ነፍስ! ብድግ ብዬ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ጮኽኩ፣ ጎረቤት ግድግዳ መታ። በሁለተኛው ቀን «ፈራሁህ» የምትለውን ቃል እንደገና አነበብኩ። እኔ ፊደል ቶሎ አይገባኝም፣ እየቆጠርኩ ነው የማነበው፤ ስለዚህ አንድ ቃል ሳነብ ብዙ እቆይበታለሁ። እሱ ላይ ቆየሁ።

አንቺ በዚያ ማዕበል የምትወጪ ልጅ ነሽ። ሰው ሁሉ «የእሱ ልጅ ባሕር አትፈራም» ይለኛል፣ እኔም ደረቴን እነፋለሁ። ያልፈራሽው ባሕር ነው ለካ፣ እኔን ነው የፈራሽው። አንቺን ሊያሰጥም የነበረው ዚንኩ ብቻ አይደለም።

ስልኩን ያስያዝኩት በያጁን ነበር። ሰው ፊት አልቅሰሃል ስላልሽ፣ አዎ አልቅሻለሁ፣ ምን ይሁን? ምንም አይሰማኝም ነበር፣ ዝም ብዬ እጮኻለሁ። እሱ አንቺ ያልሽውን ብረት ላይ በጠመኔ ጻፈልኝ። «ሰምታለች» ይላል። አላመንኩትም። «እሷ ናት ወይስ አንተ?» አልኩት። አጥፍቶ «እሷ ናት፣ አይጩኹ» ብሎ ጻፈ።

ትናንት ግቢ ሄጄ ጠየቅሁት።

«አንተስ ትፈራኛለህ?»

«እኔ? ኧረ ምን በወጣኝ!» አለና በሩን አየ።

«እውነቱን!»

እጁን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ ጠመኔውን አነሳ። በአፉ ሊነግረኝ አልደፈረም መሰለኝ። «ያን ቀን ማን ዕብድ ነው ሲሉ ፊትዎን አይቼ ገብቶኝ ነበር። ለእሷ ጽፈውላታል ብዬ ዝም አልኩ» ብሎ ጻፈ። ቀስ ብዬ አነበብኩት። ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ ልስደበው? ዘጋሁት።

ልጄ፣ ሦስት ሰው ያውቅ ነበር። አንቺ፣ እሱ፣ እኔ። ሦስታችንም ዝም አልን፣ ሦስታችንም በእኔ ምክንያት። እናትሽ ብቻ ነበረች የማትፈራኝ፣ እሷም በመጨረሻ ማስረዳት ሰልችቷት በጨርቅ መጠቅለሉን መረጠች።

አዲሱ ብረት ሲበየድ መጥተህ ታያለህ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እመጣለሁ። በፖስታ ጀልባው እመጣለሁ፣ አሥር ቀንም ይፍጅ። ዚንኩን አንቺ እሰሪው፣ እኔ መፍቻውን አቀብልሻለሁ፣ አፌንም እዘጋለሁ፣ ከቻልኩ። ሠራተኞችሽ ማን አበላሸው ብለው ቢጠይቁ ቀቢው አባቴ ነው በያቸው፣ እፊታቸው ልነግራቸውም እችላለሁ። የአንቺን ድርሻ አንቺ ንገሪያቸው፣ እሱን አልሸከምልሽም።

ግን እንዳልዋሽሽ። ተለወጥኩ አልልሽም። በዚህ ዕድሜ ቁጣ እንደ ኮት አይወልቅም። ስትነግሪኝ እቆጣለሁ፣ እጮኻለሁ፣ ወንበርም እገለብጥ ይሆናል። አንቺ አታቁሚ። እየተቆጣሁ ንገሪኝ። ካልሰማሁሽ ጻፊና አፍንጫዬ ሥር ያዢው። ቁጣዬ ሲያልቅ፣ ያልቃል መቼም፣ ነገሩ እዚያው ይጠብቀኛል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እስከዛሬ አይተሽ ዝም ያልሽኝ ሌላ ምን አለ? ስለ ጀልባዋም ይሁን፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ እናትሽ የመጨረሻ ቀናት፣ ስለ እኔ። ሁሉንም ጻፊው። ወረቀት ካነሰሽ ጀርባውንም ሙዪው። እስክትጽፊ ፖስታ ጀልባው በመጣ ቁጥር ወደቡ ላይ እቆማለሁ፤ እፈራለሁ፣ ግን እቆማለሁ።

አባትሽ